የምርምር ፖስተር

የምርምር ፖስተር አንድ ሳይንሳዊ ጥናት በአንድ ትልቅ ሉህ ላይ በአጭር ጽሑፍ፣ በግራፍና በሥዕል ተጠቃሎ የሚቀርብበት የኅትመት ዓይነት ነው። በጉባኤ አዳራሽ ግድግዳ ወይም ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል፤ አጥኚውም አጠገቡ ቆሞ ለተመልካቾች ያስረዳል። ከመድረክ ንግግር የሚለየው ተመልካቹ በራሱ ፍጥነት አንብቦ ጥያቄውን ፊት ለፊት ማንሳት በመቻሉ ነው። ከመጽሔት ጽሑፍ የሚለየው ደግሞ ጥናቱን በሙሉ ሳይሆን ዋናውን ግኝት ለማሳየት በመዘጋጀቱ ነው።

አመጣጥ

ፖስተር በሳይንስ ጉባኤዎች መታየት የጀመረው በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በአሜሪካ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ካደረጉት ስብሰባ በኋላ ተስፋፍቷል። ምክንያቱም የሚቀርቡት ጥናቶች ቁጥር አዳራሽና ሰዓት ከሚፈቅደው በላይ መብዛቱ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያም በሙያ ማኅበራትና በዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤዎች ከተመረጡት ጥናቶች ከፊሉ በንግግር፣ ከፊሉ በፖስተር ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ዋናው ግኝት በመሃል በትልልቅ ፊደላት የሚጻፍበትን፣ ዝርዝሩ በስልክ በሚነበብ ኪውአር ኮድ የሚገኝበትን አቀራረብ አስተዋውቋል።

የቡታጅራ ጥናቶች እንደ ምሳሌ

በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ካላቸው የምርምር ሥፍራዎች አንዱ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያቋቋመው ይህ ፕሮግራም በቀድሞው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ ከተመረጡ 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ዝውውርን ሲመዘግብ ቆይቷል። የእንሴኖ ከተማም በዚያን ጊዜ በዚሁ ወረዳ ውስጥ ነበረች።

ከአካባቢው ከወጡት ጥናቶች አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ያካሄደው የሴቶች ጤናና የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና የትዳር ወይም የሕይወት አጋር ካላቸው ወይም ከነበራቸው የአካባቢው ሴቶች 71 በመቶው ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በጥናቱ ከተካተቱት 15 ሥፍራዎች ከፍተኛው ይህ ሲሆን፣ ዝቅተኛው በጃፓን ከተማ የተመዘገበው 15 በመቶ ነው።

ይህን ውጤት ወደ ፖስተር ለመለወጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተመልካቹ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ የቱን ይያዝ?» የሚል ነው። «በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የተደረገ ጥናት» የሚል ርዕስ ጉዳዩን ይጠቅሳል እንጂ ምን እንደተገኘ አይናገርም። «በቡታጅራ አካባቢ አጋር ካላቸው ወይም ከነበራቸው 100 ሴቶች 71ዱ ከአጋራቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል» የሚለው ግን ግኝቱን ያስይዛል። በዚህ ላይ «አጋር ካላቸው ወይም ከነበራቸው» የሚለው ሐረግ ቢወጣ ቁጥሩ ሁሉንም ሴቶች የሚመለከት ይመስላል። «በቡታጅራ አካባቢ» የሚለው በ«ኢትዮጵያ» ቢተካ ደግሞ የአንድ ወረዳ ውጤት የአገር ውጤት ይሆናል። ፖስተር ሲያጥር መጀመሪያ የሚጠፉት እንዲህ ያሉ ገላጭ ቃላት ናቸው፤ ቁጥሩን እውነተኛ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው።

አወቃቀር

የተለመደው የፖስተር መጠን ኤ ዜሮ ሲሆን ስፋቱ 84.1 በ118.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ጉባኤው የሚያዘጋጀው ሰሌዳ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ የረዘመ መሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ዋና ዋና ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ርዕስ፣ የአጥኚዎች ስምና ተቋም
• መነሻ፦ ጥናቱ ለምን አስፈለገ? ከ2 ወይም ከ3 ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ
• ዘዴ፦ የት፣ መቼ፣ በስንት ሰው ላይ፣ እንዴት ተመርጠው
• ግኝት፦ ሰፊውን ቦታ የሚይዝ፣ በተቻለ መጠን በግራፍ የሚታይ
• ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ
• ምስጋና፣ የገንዘብ ድጋፍ ምንጭና የሥነ ምግባር ፈቃድ

ከላይ የተጠቀሰው ውጤት 15 ዓምድ ባለው አንድ ግራፍ ሊታይ ይችላል፤ 14ቱ ዓምዶች ግራጫ፣ የቡታጅራው ብቻ ባለቀለም ቢሆን ዓይን በቀጥታ ወደ ነጥቡ ይሄዳል። በአንጻሩ በርካታ ረድፎች ያሉት ሠንጠረዥ ቆሞ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው።

ፊደል፣ ቀለምና ቀን

የግዕዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ቅርጽ ስለሌለው፣ ርዕስ የሚለየው በመጠንና በውፍረት ነው። እንደ ጠ እና ጨ ያሉ ተቀራራቢ ፊደላት ሲያንሱ ወይም ከመጠን በላይ ሲደምቁ ይደባለቃሉ። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ትንሽ ከፍ ባለ መጠን ቢዘጋጅ ይነበባል። ፋይሉ ወደ ባነር ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፊደሉ አብሮ በተያያዘበት ፒዲኤፍ መሆን ይገባዋል፤ አለዚያ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ወደ ባዶ ሳጥኖች ሊለወጥ ይችላል።

አረንጓዴና ቀይን ጎን ለጎን በግራፍ መጠቀም ሁለቱን ቀለማት መለየት ለሚያዳግታቸው ሰዎች መረጃውን ይሰውራል። ሰማያዊና ብርቱካናማ የተሻለ አማራጭ ናቸው።

የዘመን አቆጣጠሩም መገለጽ አለበት። «መረጃው በ2010 ተሰበሰበ» የሚል ፖስተር ለአገር ውስጥ አንባቢ ከመስከረም 2010 ዓ.ም. የጀመረውን ዓመት፣ ለውጭ እንግዳ ግን ከዚያ ከ7 ዓመት በላይ የቀደመውን ጊዜ ያመለክታል። የመሬት ስፋት በጥማድ ከተለካም በሄክታር ምን ያህል እንደሆነ አብሮ ይጻፋል።

አቀራረብ

አቅራቢው ከፖስተሩ ጎን ይቆማል እንጂ አይጋርደውም። ጥናቱን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በሚፈጅ ንግግር፣ ከጥያቄ ወደ ግኝት፣ ከግኝት ወደ ትርጉሙ ያስረዳል። ጽሑፉን ማንበብ የተመልካቹ ሥራ ነው፤ የአቅራቢው ጣት ግራፉ ላይ ቢያርፍ ይበቃል። «ናሙናው እንዴት ተመረጠ?» እና «ውጤቱ ለሌላ አካባቢ ይሠራል?» የሚሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለማይቀሩ መልሳቸው አስቀድሞ ይዘጋጃል።

በእንሴኖና በአካባቢዋ ከአማርኛ ሌላ መስቃንኛ፣ ማረቆኛና ስልጥኛ ይነገራል። ውጤቱ ለነዋሪዎች ሲቀርብ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን የጉባኤ ፖስተር መስቀል አይበቃም። ግራፉ ቀለል ብሎ፣ መቶኛው «ከ10 ሴቶች 7ቱ» ወደሚል አነጋገር ተለውጦ፣ ማብራሪያው አድማጩ በሚሰማው ቋንቋ ሊሰጥ ይገባል።

የተጠኚዎች ደኅንነት

በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደ ሌላ ሰፊ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት በመዳሰስ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይቷል። እንዲህ ባለ ጥናት የአንድ ታማሚ ፎቶግራፍ ፖስተሩን ማራኪ ቢያደርገውም፣ ጎረቤት በሚተዋወቅበት አካባቢ ሰውየውን ለመገለል ሊዳርገው ይችላል። ፊት ባይታይም ቀበሌ፣ ዕድሜና ሙያ አንድ ላይ ከተጻፉ ማንነት ይታወቃል።

በቤት ውስጥ ጥቃቱ ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎቹ በማኅበረሰቡ ውስጥ ሥራውን የሴቶች ጤናና የሕይወት ልምድ ጥናት ብለው ያስተዋውቁ የነበረው፣ መልስ የሰጠች ሴት ቤቷ ስትመለስ ተጨማሪ ጥቃት እንዳይደርስባት ነው። ከጉባኤ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ግድግዳ የሚሄድ ፖስተርም ይህን ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ በአዳራሽ ውስጥ ቁጥር ብቻ የሆነው ነገር እዚያ የአንዲት ቤት ታሪክ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።