የልጅ ጣትና የጥለት ውበት፦ ተረቱና እውነታው

ከእንጦጦ ግርጌ ከሽሮ ሜዳ አንስቶ በየካ እስካሉት የሀበሻ ልብስ መሸጫዎች ድረስ ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ፦ ጥለት የሚያምረው በልጅ እጅ ሲሠራ ነው፣ የልጅ ጣት ቀጭን ነው፣ ዓይኑም ቶሎ አይደክምም። ቢሰሙት ተራ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ሕፃናትን «ሙያ ይማራሉ» እያሉ ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ቀኑን ሙሉ ድር ላይ ለሚያስቀምጡ ሰዎች ሽፋን ሆኗል። ይህን ተረት እያወቁ የሚያወሩትን ነጋዴዎች መታገሥ ያስቸግራል፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ተረቱ ከባዶ አልተነሣም። ሽመና በጋሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው፤ ልጅ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ቀሰም ላይ ማግ ሲያጠነጥን ማደጉም ያለና የነበረ ነው። በልጅነት የተጀመረ ሙያ እጅ ላይ ይሰርጻል መባሉም ትክክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ቀድሞ መጀመርን ከጣት መቅጠን ጋር ሲያዛምዱት ነው። ሸማኔው እግሩን ከሚያወርድበት ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ ድሩን ይከፍታል፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሳልፋል፣ ማጉንም ጠበቅ አድርጎ ይመታል። ጥለቱ ሲደርስ ከድሩ ክሮች የትኛው ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር እየቆጠረ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ ያስገባል። አንዲት ክር ከተዛነፈች ስህተቱ በሚቀጥሉት መስመሮች ሁሉ እየተከተለ ይታያል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ቆጠራ፣ ንድፉን በአእምሮ መያዝና ምቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ማድረግ ነው። ለዚህም እግሩ መርገጫው ላይ በደንብ የሚደርስ፣ ክንዱም የሸማውን ስፋት የሚያዳርስ ሰው ይሻላል።

የየአካባቢውን ሥራ ጎን ለጎን ማየት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። በመንዝ ብርድ ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ባናና በርኖስ ወፍራምና ከባድ ናቸው፤ ነጠላ ደግሞ ስስ ነው። ልዩነቱን ያመጡት ጠጉሩና ጥጡ፣ የፈትሉ ውፍረትና የድሩ ጥበት ናቸው። የነጠላው ስስነት የሚጀምረው ሸማኔው ዘንድ ሳይሆን እንዝርት በምታሾረው ፈታይ እጅ ነው፤ ጎበዝ ፈታይ የሚያሰኘው ደግሞ የዓመታት ልምድ ነው። ከአገር ውጭም ተመሳሳይ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር በእንጨት ማጠንጠኛ ክር እያጠላለፉ በሚሠሩት ዳንቴል፣ የሆኒተን ሴቶች ማጠንጠኛ ቀጭንና ሹል ነበር፣ በጠባብ ቀለበት እንዲያልፍ። በቤድፎርድሺርና በአካባቢው ግን ክሩን ወጥሮ እንዲይዝ ጫፉ ላይ የብርጭቆ ጨሌ ይታሰርበት ነበር። ጥበቡ የሚለያየው በመሣሪያው ነው። እዚያም ሕፃናትን ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ «የዳንቴል ትምህርት ቤት» በሚባል ጠባብ ክፍል ይቀጥሩ ነበር። በ1867 እ.ኤ.አ. የወጣው የወርክሾፖች ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያሉትን መቅጠር ከለከለ፤ ዳንቴሉ ግን በአዋቂ ሴቶች እጅ መሠራቱን ቀጠለ።

«ታዲያ የድሀ ልጅ ሙያ ካልተማረ ምን ይብላ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቤተሰቡ ልጁን የላከው ቸግሮት ነው። ሆኖም ከትምህርት ቤት መልስ አባቱ ዘንድ የሚለምድ ልጅና ለማያውቀው ሰው ከንጋት እስከ ምሽት የሚሸምን ልጅ አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ላሉትም የቀን ሥራው ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ዋጋው ይወደዳል የሚለው ክርክርም ካለ፣ አዎ፣ ይወደድ ይሆናል። ርካሹ ዋጋ የተገኘው ደመወዝ ሳይከፈለው ከሚሠራ ልጅ ከሆነ ግን ቅናሹን የከፈለው ልጁ ነው።

ስለ ሽመና የሚነገሩት ሌሎቹ ተረቶች ብዙ ቦታ አይፈልጉም። ሽመና የዶርዜ ብቻ ነው የሚለው ከታሪክ ጋር አይገጥምም፤ በጎንደር ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት ሸምነዋል፣ የኮንሶ ወንዶችም ይሸምናሉ። ጋሞዎች በአዲስ አበባ ሽመና ላይ ያላቸው ትልቅ ድርሻ ግን አይካድም። ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው የሚለው ደግሞ ምንም ማስረጃ የሌለው ስድብ ነው፤ በእጃቸው ሥራ የለበስንባቸውንና የበላንባቸውን ሰዎች ከጋብቻና ከርስት ያራቀ። ነጭ ጨርቅ ላይ የታተመውን ጥለት የእጅ ሥራ ነው ብሎ መሸጥም በቀላሉ ይጋለጣል፦ ጨርቁን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። የተሸመነው ባለ ቀለም ክር ከጀርባም በጣት ይዳሰሳል፤ የታተመው ቀለም ግን በስተጀርባ ደብዝዞ ወይም ጠፍቶ ይገኛል።