እውነት ወይስ ተረት? «ሰው ሲያስመርረኝ ገዳም ገብቼ ብቻዬን እኖራለሁ»

ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲበዛ፣ መሥሪያ ቤት አለቃ ሲያንገሸግሽ «አሁንስ ገዳም ነው የምገባ!» ማለት የተለመደ ነው። እርስዎም ብለውት ይሆናል። ብዙዎቻችን መነኩሴ ሲባል ከሰው ተለይቶ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው የሚታየን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ አብዛኛው መነኩሴ ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ በሰው ተከቦ ነው የሚውለው፣ የሚያድረው።

ሕዝቡ እንዲያው ዝም ብሎ አልተሳሳተም፤ ያሳሳቱት ቃሎቹ ናቸው። «መነኩሴ» መነሻው የግሪክኛው «ሞናኮስ» ነው፤ ብቸኛ ማለት። «ባሕታዊ» የግእዙ «ባሕቲቱ» ዘመድ ነው፤ ብቻውን ማለት። «ገዳም» ራሱ በግእዝ ዱር፣ ምድረ በዳ ነው፤ «አራዊተ ገዳም» ሲባል የዱር አራዊት ማለት እንጂ ገዳም ውስጥ የሚረቡ ከብቶች አይደሉም። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ብቸኝነት ቢታየው ምን ይፈረድበታል? ገድል ሲነበብም ልባችን የሚቀረው ዋሻውና አንበሳው ላይ ነው። እህል ሲፈጭ የዋለውን መነኩሴ ማን ያስታውሰዋል?

ምንኩስና ሲጀመር በግብፅ በረሃ እነ አባ እንጦንስ በእርግጥም ብቻቸውን ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ግን ጳኩሚስ መጣ። ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ በአባ ጰላሞን ሥር በብሕትውና ከኖረ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ320 ገደማ በላይኛው ግብፅ፣ ጠቤኒሲ በተባለ ቦታ መነኮሳትን በአንድ ቅጥርና በአንድ ሥርዓት ሰበሰበ። ሥርዓቱ ወደ ግእዝ ተመልሶ ለእኛም ደርሷል። እንዲህ በጋራ በሚኖርበት፣ አንድነት ገዳም በሚባለው ውስጥ የግል ጓዳ የሚባል ነገር የለም፤ ድርጎውን መጋቢው ያድላል፣ ሥራውን አባቶች ያዝዛሉ። አመክሮ ላይ ያለው ጀማሪ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ይረዳል፤ ደወል ሲደወል ከሁሉ ጋር ይቆማል። መነኮሳቱ ራሳቸውን የሚጠሩትም «ማኅበር» ብለው ነው። በጎንደር ምዕራብ ያለውን የማኅበረ ሥላሴን ገዳም ስም ልብ ይበሉ። ቁሪት በሚባሉት ገዳማት እያንዳንዱ ቀለቡን ለየራሱ ይይዛል፤ እዚያም ቢሆን ቅዳሴውም ጎረቤቱም አይቀርም።

«ባሕታዊስ?» ይሉኝ ይሆናል። እሱ እውነትም ብቻውን ነው። ብሕትውና ግን የብዙ ዘመን ፈተና መጨረሻ እንጂ የገዳም መግቢያ በር አይደለም፤ በማኅበር ኖሮ የተፈተነ ሰው በአባቶች ፈቃድ የሚወጣበት ነው። ጸጉሩን አጎፍሮ ቢጫ የለበሰውን ሁሉ ባሕታዊ እንላለን፤ ብቻውን የሚኖር ሰው በየቀኑ ገበያ መሐል ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ግን ነውር አይመስለኝም።

ከሰው ተጣልቶ የሚሄደው ሰው ምን ይገጥመዋል? በጳኩሚስ ሥርዓት አዲስ መጪ ሰተት ብሎ አይገባም። ጥቂት ቀን ደጅ ይቆያል፤ አባታችን ሆይንና የቻለውን ያህል መዝሙር ይማራል። ክፉ ሠርቶ ፈርቶ የሸሸ እንዳይሆን፣ በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያለ እንዳይሆን ይመረመራል፤ ወላጆቹንና ንብረቱን መተው ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። ካለፈ ልብሱ ተለውጦ፣ በረኛው ይዞት ወንድሞች ሁሉ ለጸሎት ወደተሰበሰቡበት ይገባል፤ የሚቀመጠውም በታዘዘበት ቦታ ነው። ማን አጠገብ እንደሚሆን እሱ አይመርጥም።