ካርቱም ያደጉ ልጆቻችሁ፣ አሜሪካ ሃይስኩልና የኮሌጅ ክሬዲት

ከደይምና ከጀሪፍ ተነሥታችሁ በሪሴትልመንት አሜሪካ ለገባችሁ ወላጆች ነው የምጽፈው። ሃይስኩል የሚማር ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የሌላችሁ ላለው ላኩለት።

ካርቱም እያለን ልጅ ሃይስኩል ሳይጨርስ የኮሌጅ ኮርስ ይያዝለት ማለት የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ከግል ትምህርት ቤቶቹ ዩኒቲ ሃይስኩል የእንግሊዞቹን ኤ ሌቭል፣ ኪክስ ደግሞ አይቢ የሚባለውን ፕሮግራም ያስተምሩ ነበር። በእነዚህ ጥሩ ውጤት ላመጣ ተማሪ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችን ይቆጥሩለታል። ሻይ ሸጣ ወይም ሰው ቤት ሠርታ ልጅ የምታሳድግ እናት ግን የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከየት ታመጣለች?

አገር ቤት ኢትዮጵያ ደግሞ የኮሌጅ ኮርስን ሃይስኩል ውስጥ መስጠት በመንግሥት ደረጃ ተሞክሮ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ መሰናዶን አምጥቶ ፍሬሽማንን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል አወረደው፤ የብዙው ዲግሪ ዕድሜም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

አሁን ባላችሁበት አገር ግን ዕድሉ የደሃም ልጅ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራል፤ ፕሮግራሙ ራኒንግ ስታርት ይባላል። መጽሐፍና አንዳንድ ክፍያ በራስ ነው፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ እፎይታ አለው። ሚኒሶታ ተመሳሳዩን በ1985 እ.ኤ.አ. ቀድማ ጀምራለች፤ እዚያ መጽሐፉም ነጻ ነው። ኮርሱ ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይያዛል።

ሚኒሶታ ላላችሁ ደግሞ ሌላም አለ። በሁለት ቋንቋ ብቁ ለሆነ ተማሪ ስቴቱ የሚሰጠው ማኅተም አለ። በፈተናው የሚፈለገውን ደረጃ ያገኘ ልጅ በሚኒሶታ ስቴት ኮሌጆች የቋንቋ ክሬዲት ጠይቆ ያገኛል። ልጃችሁ ካርቱም ትምህርት ቤት የተማረው አረብኛ፣ ቤት ውስጥ የምታወሩት አማርኛ ሳይቀር ይቆጠርለታል ማለት ነው። ማንበብና መጻፍም ስለሚፈተን ፊደሉን ከአሁኑ አስጠኑት። ይህን እየሰሙ ቋንቋውን የሚያስረሱ ወላጆች ያሳዝኑኛል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የኮሌጅ ኮርስ ላይ የወደቀ ልጅ ውጤቱ ከኮሌጅ ትራንስክሪፕቱ አይጠፋም፤ በኋላ የገንዘብ እርዳታ ሲጠይቅም ሊጎዳው ይችላል። እንግሊዝኛው ገና ያልጠነከረ ልጅ በአንድ ኮርስ ቢጀምር ይሻለዋል። ደግሞ ክሬዲቱን የሚቀበለው ወይም የማይቀበለው በኋላ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ነው። የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ባብዛኛው ይቀበላሉ፤ የግሎቹ ብዙ ጊዜ ይመርጣሉ። ስለዚህ ልጁ የሚመኘውን ዩኒቨርሲቲ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ካውንስለሩ ይነግረናል ብላችሁ አትጠብቁ። ልጃችሁ 10ኛ ክፍል ሳይጨርስ ቀጠሮ ያዙ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። «ልጄ እዚህ እየተማረ የኮሌጅ ክሬዲት የሚያገኘው በምን በምን መንገድ ነው?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።