ምጣዱ ለምን አልሰማ አለ?

የበዓል ዋዜማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጊንጪ፣ በየቤቱ አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ብሏል። አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣዷን በጎመን ዘር አስሳ የመጀመሪያውን እንጀራ ታሰፋለች። አክንባሎውን ስታነሳ ግን እንጀራው ዓይን አላወጣም፤ ጠርዙም አልተነሳም። «መብራቱ ደክሟል» ትላለች።

ልክ ናት። ምን ያህል እንደ ደከመ ደግሞ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሁሉ ሊያሰላው ይችላል።

ሦስት ነገሮችን እንለይ። ውሃ የሞላ ሮቶ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ውሃው በግፊት ይወርዳል፤ በኤሌክትሪክ ዓለም ይህ ግፊት ቮልቴጅ ነው፤ የሚለካውም በቮልት ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን ኮረንቲ ነው፤ መለኪያው አምፔር ነው። የቧንቧው ጥበት ፍሰቱን እንደሚይዘው ሁሉ ሽቦም ኮረንቲን ይሞግታል፤ ይህ ሙግደት ይባላል፤ መለኪያው ኦም ነው። ስሙ የተወሰደው ከጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም ነው። እሱ በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሦስቱን ዝምድና አስረዳ፦ ቮልቴጁን ለኮረንቲው ብናካፍል ሙግደቱን እናገኛለን፤ ይህ የኦም ሕግ ይባላል። ቮልቴጁን በኮረንቲው ብናባዛ ደግሞ ኃይሉን በዋት እናገኛለን።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ። በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ምጣዱ 16 አምፔር ቢስብ፣ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም ይሆናል፤ ሙግደቱ ይህ ነው። 220 በ16 ሲባዛ ደግሞ 3,520 ዋት ይሆናል፤ ኃይሉ ይህ ነው። ከሸክላው ሥር በቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘው ሽቦ የኒኬልና የክሮምየም ቅይጥ ነው። ሲግልም ሙግደቱ ብዙ ስለማይለወጥ፣ 13.75 ኦምን እንደ ቋሚ ቁጥር ልንይዘው እንችላለን።

በዋዜማው ምሽት ቮልቴጁ ወደ 176 ወረደ እንበል። የቀነሰው ከአምስት እጅ አንዱ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ኮረንቲውም አብሮ ይቀንሳል፦ 176 ለ13.75 ሲካፈል 12.8 አምፔር። ኃይሉ የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ነው፦ 176 በ12.8 ሲባዛ 2,253 ዋት ገደማ ብቻ። ቮልቴጁ በመቶ 20 ሲወርድ ከምጣዱ ሙቀት በመቶ 36 ጠፋ። ምጣዱ ጭራሽ አልሰማ የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ 44ቱ ቮልት የት ገባ? ከትራንስፎርመሩ እስከ ሰፈሩ የተዘረጋው የጋራ ሽቦም የራሱ ሙግደት አለው። 0.34 ኦም ብቻ ነው እንበል። አንድ ምጣድ ብቻውን ሲጣድ በሽቦው ላይ የሚቀረው 5 ቮልት ገደማ ነው። አሥር ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲጣዱ ግን 128 አምፔር ያልፍበታል፤ 128 በ0.34 ሲባዛ ወደ 44 ቮልት ይሆናል። ጎረቤታሞች ተራ ገብተው ቢጋግሩ የእያንዳንዱ ምጣድ በደንብ የሚግልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ይህንኑ ሕግ ከጊንጪ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ስንጓዝ በሆለታም እናገኘዋለን። ከታላቁ የህዳሴ ግድብ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው መስመር 500,000 ቮልት የተሸከመ ነው። ቮልቴጁ ይህን ያህል ከፍ ያለው ብክነትን ለመቀነስ ነው፤ ያንኑ ኃይል ቮልቴጁን እጥፍ አድርገን ብንልከው ኮረንቲው በግማሽ ይቀንሳል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብክነቱ ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያም በሙግደቱ ተባዝቶ የሚገኝ ነውና።

ሙግደት ያለቦታው ሲገኝ አደጋ ነው። የላላ ሶኬት ግማሽ ኦም ሙግደት ቢኖረው፣ ምጣዱ ሲሠራ በዚያች ጠባብ ቦታ ወደ 120 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይፈጠራል። ፕላስቲኩ የሚቀልጠው፣ ግድግዳው የሚጠቁረው፣ አንዳንዴም ቤት የሚቃጠለው ከዚህ ነው። የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ ቆርጦ መቀጠልም አደጋ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሙግደቱ ያንሳል። ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቀነስ ሙግደቱ ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፤ ኮረንቲው ወደ 17.8 አምፔር ይወጣል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን ጭነት የሚሸከመው ከአቅሙ በላይ ነው። ብሬከሩ ቢወርድ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም፤ በትልቅ መቀየር ከግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ለእሳት መስጠት ነው።

መምህራን ሆይ፣ የኦምን ሕግ ስታስተምሩ ከምጣዱ ጀምሩ፤ ተማሪው ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ያስረዳዋል። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ጋግረው እንደ ጨረሱ መሰኪያውን ከነቀሉ በኋላ ጫፉን ይመልከቱ። ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ሙቀቱ የሚፈጠረው ያለቦታው ነው፤ የሚቀጥለው ሊጥ ከመቦካቱ በፊት ባለሙያ ጠርተው ያስቀይሩት።