ያልታደሰች ቮልስ ለወዳጆቿ ስትሸጥ

በቆዩ የከተማ ግቢዎች ውስጥ ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ለዓመታት ከቆመችበት ያልተንቀሳቀሰች ቮልስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቷ አርጅተው ወይም ከዚህ ዓለም ተለይተው መኪናዋ ለወራሾች ስትተርፍ፣ በቅድሚያ የሚሰነዘረው ምክር «ትንሽ አሳምራችሁ ሽጧት» የሚል ነው። ዝገቱ በስቱኮ ይደፈናል፤ ቦዲዋ ደማቅ ቀለም ይቀባል፤ ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ይለብሳሉ። ለተራ ገዢ ይህ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል። ፈላጊው የቮልስ አፍቃሪ ከሆነ ግን ሻጩ ገንዘቡን አውጥቶ የመኪናዋን ዋጋ ራሱ ዝቅ አደረገ ማለት ነው።

ምክንያቱ ገዢዎቹ የሚፈልጉት ነገር መለያየቱ ነው። መጓጓዣ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ስለ ነገ ነው፦ ትሄዳለች? ነዳጅ ታበዛለች? አፍቃሪው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ትናንት ነው፦ ቀለሟ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው? ሞተሩ የራሷ ነው? መስተዋቷ፣ መብራቷ፣ የወለሏ ላሜራ ተቀይሯል? መልሱንም ከሻጩ አንደበት ይልቅ ከመኪናዋ አካል ማንበብ ይመርጣል። የደበዘዘ ቀለም፣ በእጅ ብዛት የሳሳ መሪ፣ የተሰነጠቀ የወንበር ልብስ ለእርሱ ማስረጃዎች ናቸው። አዲስ ቀለም እነዚህን ሁሉ ይሸፍናል። ከሥሩ ጤናማ ላሜራ ይኑር ወይስ በስቱኮ የተሞላ ቀዳዳ በዓይን ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር፣ ጠንቃቃ ገዢ የከፋውን ገምቶ ዋጋ ይሰጣል።

ይህ አመለካከት በዓለም ዙሪያም ሥር የሰደደ ነው። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) እ.አ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር፣ የቆየን መኪና እንዳለ መጠበቅን ከማደስ ያስቀድማል። እ.አ.አ. በየካቲት 2015 በፓሪስ በተካሄደ ጨረታ፣ በመጋዘን ውስጥ የአሮጌ መጽሔት ክምር ተጭኗት የተገኘች አንዲት የ1961 ፌራሪ፣ አቧራዋ እንኳ ሳይጠረግ ለዕይታ ቀርባ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥታለች። እርግጥ ነው፣ ፌራሪ ሌላ ቮልስ ሌላ፤ በዚህ ወሬ ተደፋፍሮ ለበሰበሰች መኪና የማይሆን ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ገዢ አያገኝም። መርሑ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የታደሰች መኪና ደግማ ልትታደስ ትችላለች፤ የመጀመሪያ መልኳን ያጣች መኪና ግን ያንን መልሳ አታገኝም።

ቮልስ በኢትዮጵያ ከመኪናነት ያለፈ ትዝታ አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ያልሰማ ጥቂት ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.አ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች። በኢትዮጵያ ደግሞ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። ስለዚህ በአገር ውስጥ የቀሩት ተተኪ ያላቸው አይመስልም። አንዲት ኦሪጅናል ቮልስ በተቀባች ወይም ለመለዋወጫ በተበተነች ቁጥር ቁጥራቸው በአንድ ይጎድላል።

ሻጭ ከሁሉ በፊት የያዛትን ማወቅ አለበት። የኋላ መስተዋቷ ብቻ ብዙ ይናገራል። እስከ እ.አ.አ. መጋቢት 1953 የተሠሩት ለሁለት የተከፈለ ትንሽ መስኮት አላቸው፤ ከዚያ እስከ 1957 ያሉት እንቁላል ቅርጽ ያለው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ደግሞ ሰፊና አራት ማዕዘን። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በሻንሲው መካከል ላይ ተቀርጿል፤ የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ግርጌ ይገኛል። እ.አ.አ. ከነሐሴ 1964 ጀምሮ የሻንሲው ቁጥር ሦስተኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ በ115 የሚጀምር ቁጥር የ1965 ሞዴል ነው። የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ በመሆኑ፣ የ1968 ሞዴል የምትባል መኪና በ1967 አጋማሽ ተሠርታ ሊሆን ይችላል፤ ሊብሬ ላይ የሰፈረው ዓመት ከዚህ ቢለይ ወዲያው ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። ጥርጣሬን በሰነድ ለመቁረጥ የሚፈልግ ሰው፣ ጀርመን ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም በሻንሲ ቁጥር መነሻነት የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት መጠየቅ ይችላል፤ ወረቀቱ መኪናዋ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን ይገልጻል።

አፍቃሪ ሊያያት ሲመጣ ከቦዲዋ ውበት ይልቅ ወደ ሦስት ቦታ ይጎነበሳል። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ የሚፈሰው አሲድ በዚያ በኩል ወለሉን ይበላል። ከፊት ኮፈን ሥር መጠባበቂያ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውኃ ያቁራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ሞቃት አየር ወደ ውስጥ ያደርሳል፤ የቦዲውንም ጥንካሬ የሚሸከመው እርሱ ነው። እርሱ ከበሰበሰ፣ መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ በሩ ከመቃኑ ጋር አልገጥም ይላል። ይህን ያወቀ ሻጭ ሦስቱን ቦታዎች ራሱ ፎቶ አንሥቶ፣ ከውብ ገጽታዋ አስቀድሞ ቢያሳይ አይጎዳም። የአፍቃሪዎች ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፤ አንዱ ያየውን ጉድለት ሌላው እስከ ማታ ይሰማዋል፤ የተደበቀ ጉድለት ሲገለጥ ደግሞ እውነት የሆነውም ሁሉ ይጠረጠራል።

ይህ ማለት ዝገት በራሱ ክብር ነው ማለት አይደለም። ሰው የሚያሳፍር ወለልና የማይዝ ፍሬን መጠገን አለበት፤ ጥገናው በግልጽ እስከተነገረና የተፈታው ዕቃ እስካልተጣለ ድረስ ማንም አፍቃሪ አይቃወመውም። በለስላሳ ውኃ አቧራዋን ማጠብም አይከለከልም። ከሽያጭ በፊት መወገድ ያለበት የማይመለስ ነገር ሁሉ ነው፦ ቀለም፣ ብየዳ፣ ወንበር መቀየር፣ ያረጀ የፋብሪካ መብራት አውጥቶ አዲስ መግጠም።

ሞተር ለማስነሣት የሚደረገው ጥድፊያም እዚሁ ይመደባል። ለዓመታት የቆመችን ቮልስ ባትሪ ቀይሮ፣ ቤንዚን ጨምሮ በአንድ ጊዜ ለማስነሣት መሞከር አደጋ አለው። የነዳጁ ጎማ ቱቦ ደርቆ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ነዳጅ የሚያንጠባጥበውም በሞቀ ሞተር ላይ ነው። የሞተሩ አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ እሳት ከያዘ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ በዲናሞው ፑሌ ብሎን ላይ መፍቻ አስገብቶ፣ ሞተሩ በእጅ እንደሚዞር ማሳየት ብቻ ለአዋቂ ገዢ ብዙ ይነግረዋል። «አስነሥተናት አናውቅም፤ ነገር ግን ትዞራለች» የሚል ሐቀኛ ቃል፣ በጭስ ከታጀበ የሁለት ደቂቃ ጩኸት ይሻላል።

በወረቀቱ በኩል ብዙ ሽያጭ የሚሰናከለው በሞተር ቁጥር ነው። የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ በመሆኑ፣ በዕድሜዋ ሁለትና ሦስት ሞተር ያየች መኪና ብዙ ናት። በሊብሬው ላይ ያለውና በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ካልተመሳሰሉ ስም ማዛወሩ ይጓተታል፤ ጉዳዩ ገዢ ከመፈለጉ በፊት መቋጨት አለበት። መኪናዋ የውርስ ከሆነች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም መጣራት ይኖርበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ «እንዳለች ሸጫለሁ» የሚል የውል ቃል አያድነውም። ስለዚህ የታወቀው ጉድለት በውሉ ላይ በዝርዝር ቢጻፍ ጥቅሙ ለሻጩም ነው።

ዋጋን በተመለከተ የተቆረጠ ተመን የለም። ደላላ መኪናዋን በሚያስነሣው ድምፅና በሚያብረቀርቀው ቀለም ይተምናል፤ አፍቃሪዎች በዓመቷ፣ በቁጥሮቿ መመሳሰልና ባልተነካው ክፍሏ። ሻጩ ሦስት አራት አፍቃሪዎችን በተለያየ ቀን አሳይቶ የሚሰጡትን ግምት ቢያነጻጽር ወደ እውነቱ ይቀርባል። ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው ሁልጊዜ ጠባቂዋ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዱ የሚገዛው በሮቿን፣ መስተዋቶቿንና መብራቶቿን ለያይቶ ሌላ መኪና ለመሙላት ነው። ይህም ሕጋዊ መብቱ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ልዩነት ካለው ሊጠየቅ የሚገባው ቀብድ ከመቀበል በፊት ነው።

በመጨረሻ ርክክቡ ሲፈጸም ሻጮች ብዙ ጊዜ እንደ ቆሻሻ የሚጥሏቸው ነገሮች አሉ፦ የመጀመሪያው የአጠቃቀም መመሪያ፣ የአሮጌ ሰርቪስ ደረሰኞች፣ የተቀየረው አሮጌ ካርቡራተር፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ክሪክ፣ አባት በሙሽርነታቸው ከጎኗ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ። ፎቶው ላይ የቀድሞ ቀለሟና ታርጋዋ ይታያሉ፤ የፎቶው ቅጂ ለቤተሰቡ ቀርቶ ዋናው ወይም ሌላ ቅጂ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፖስታ ቢሰጥ፣ ገዢው እንደ አንድ የመኪናዋ አካል አድርጎ ይቀበለዋል።