አንድ ጋርኔት፣ ሁለት ዕድሜ

በሰሜን ጣሊያን፣ ከማተርሆርን ተራራ በስተደቡብ፣ በላጎ ዲ ቺኛና ሐይቅ ዳርቻ የሚታዩት አለቶች በጥንት ዘመን የውቅያኖስ ወለል ነበሩ። ይህ ወለል ከሌላ የምድር ቅርፊት ሥር ተንሸራትቶ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ወደሚሆን ጥልቀት እንደሰጠመና በኋላ ተመልሶ እንደወጣ፣ ኮይሳይት የተባለው በከፍተኛ ግፊት የሚፈጠር ማዕድን ይመሰክራል። የጉዞውን ቅደም ተከተል መዝግቦ ያቆየው ግን ጋርኔት የሚባለው ቀይ ማዕድን ነው።

ጋርኔት ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ በንብርብር የሚያድግ ክሪስታል ሲሆን፣ ሉቴቲየምንና ይተርቢየምን የመሳሰሉ በአለቱ ውስጥ በኢምንት መጠን የሚገኙ ከባድ ንጥረ ነገሮችን ከሌሎች ማዕድናት አብልጦ ይስባል። የመጀመሪያዎቹ ንብርብሮች በዙሪያቸው ያለውን ክምችት አሟጠው ስለሚወስዱ፣ በኋላ ለሚፈጠሩት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ተመራማሪዎች የተወለወለውን ክሪስታል ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጭን የሌዘር ጨረር ነጥብ በነጥብ እያተነኑ ሲለኩት፣ የሉቴቲየም መጠን እምብርቱ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ በፍጥነት ሲያሽቆለቁል ይታያል። በአንዳንድ ጋርኔቶች ጠርዝ አጠገብ መጠኑ እንደገና የሚያሻቅብበት ቀለበት ይገኛል፤ ይህም ሌላ ማዕድን ፈርሶ የያዘውን እንደለቀቀ ወይም ከውጭ ፈሳሽ እንደገባ ያመለክታል።

ይህ አደላደል የዕድሜ ስሌትንም ይወስናል። ሉቴቲየም 176 የተባለው የሉቴቲየም ዓይነት መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ 37 ቢሊዮን ዓመት ያህል እየፈጀ ወደ ሃፍኒየም ይለወጣል፤ ሉቴቲየም በእምብርቱ ስለሚከማችም፣ በእርሱ የሚሰላው ዕድሜ በአብዛኛው የእምብርቱን ዘመን ይነግራል። ወደ ኒዮዲሚየም የሚለወጠው ሳማሪየም 147 ግን እንደ ሉቴቲየም በእምብርቱ ስለማይከማች፣ ስሌቱ በኋላ ወዳደገው የክሪስታሉ ክፍል ያደላል። በላጎ ዲ ቺኛና አለቶች የመጀመሪያው ስሌት 49 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 41 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አስገኝቷል።

የሁለቱ ቁጥሮች አለመግጠም አንዱ ስሕተት መሆኑን አያሳይም፤ ይልቁንም የ8 ሚሊዮን ዓመቱ ልዩነት ጋርኔቱ ከአለቱ ጋር እየሰጠመ ያደገበት ጊዜ ምን ያህል ረጅም እንደነበረ ይጠቁማል። ስለዚህ ንጥረ ነገሮቹ በክሪስታሉ ውስጥ የት እንደተከማቹ ሳይመረመር የሚጠቀስ የጋርኔት ዕድሜ፣ የየትኛው የእድገት ምዕራፍ እንደሆነ በእርግጠኝነት ሊነገር አይችልም።