ዝናብ ሳይዘንብ የሚመጣ ጎርፍ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የአናፖሊስ ወደብ መንገድ ግን ውሃ ተኝቶበታል። ከሥሩ «የከተማው ቧንቧ ፈንድቶ ነው» ይላል። ሌላው ተቀብሎ «የሚሰምጠው መሬቱ ነው፤ ባሕር ጨመረ የሚሉት ውሸታቸውን ነው» ብሎ አከለበት። የመጀመሪያው ፈጽሞ ስህተት ነው። የሁለተኛው ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

አናፖሊስ የሜሪላንድ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ የአገራችን ሰው ከበዛበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። ብዙዎቻችን በባርነት ተጭኖ ወደ ወደቧ በመጣው በኩንታ ኪንቴ ታሪክ እናውቃታለን። የታሪኩ ደራሲ የአሌክስ ሄሊ ሐውልት ለሕፃናት መጽሐፍ እያነበበ እዚያው ወደቡ ዳር ተቀምጧል፤ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ይከበዋል።

ጨረቃና ፀሐይ ባሕሩን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያህል እንደሚያስሞሉት በትምህርት ቤት ስለተማርነው አልደግመውም። አናፖሊስ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ነው። ነገር ግን የደቡብ ነፋስ የቼሳፒክን ሰላጤ ውሃ ወደ ሰሜን ሲገፋው ሙላቱ ከተለመደው ያልፋል። ያን ጊዜ ጎርፉ የሚመጣው በመንገዱ ዳር ካለው ፍርግርግ ነው። የዝናብ ውሃ ወደ ባሕር የሚወርድበት ቱቦ ባሕሩ ከፍ ሲል ወደ ኋላ ይመልሳል። መጀመሪያ ፍርግርጉ ሥር ውሃው ብልጭ ይላል፤ ቅጠልና የሲጋራ ቁራጭ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። የፈነዳ ቧንቧ የለም። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ቀምሳችሁ አረጋግጡ ግን አልልም።

እንዲህ ያለው ጎርፍ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓመት በአማካይ 4 ቀን ያህል ነበር። ከ2007 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት 40 ቀን ገደማ ደረሰ።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ፤ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት የሰሜን አሜሪካን ሰሜናዊ ክፍል ውፍረቱ በኪሎሜትር የሚለካ በረዶ ሸፍኖት ነበር። በረዶው ሜሪላንድ አልደረሰም። ክብደቱ ግን የካናዳን ምድር ወደ ታች ሲጫነው፣ ከሥር ያለው ትኩስ ዓለት ቀስ እያለ ወደ ዳር ሸሸ። የክረምት ጭቃ ስትረግጡ በእግራችሁ ዙሪያ ጭቃው እንደሚነሳ፣ የሜሪላንድ ምድርም በዚያ ግፊት ተነሳ። በረዶው ከቀለጠ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ዓለቱ ግን ገና እየተመለሰ ነው። ስለዚህ በካናዳ የሐድሰን ሰላጤ አካባቢ ምድሩ ዛሬም በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አናፖሊስ ደግሞ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ዝቅ ትላለች። ማንም ጥፋት የለበትም፤ ማንም ሊያስቆመውም አይችልም።

የመሬቱንና የባሕሩን ድርሻ በትክክል ክፈል ብትሉኝ ግን እጠነቀቃለሁ። የሳተላይት አቀማመጥ መለኪያዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው። በደቡባዊ ቼሳፒክ፣ በቨርጂኒያ በኩል፣ የከርሰ ምድር ውሃ መሳቡም መሬቱን ያሰምጠዋል፤ ያ ምክንያት አናፖሊስ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ለመናገር ሌላ ልኬት ይጠይቃል። በዚያ ላይ የወደቡ መንገድ ከሙላቱ ጥቂት ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ውሃው በእኩል ፍጥነት ቢጨምር እንኳ የጎርፍ ቀናቱ በእኩል አይጨምሩም፤ ይዘላሉ። አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ባሕሩ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ተቀብዬም «የሚሰምጠው መሬቱ ነው» ያለው ሰው ይሳሳታል። በጥንቱ በረዶ ምክንያት መሬቱ የሚሰምጥበት ፍጥነት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አይለወጥም። የባሕሩ ተለውጧል፦ ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፣ የየብስ በረዶም ይቀልጣል፤ ሳተላይቶች መለካት ከጀመሩበት ከ1993 ወዲህ የዓለም ባሕር የሚጨምርበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ አድጓል። በዝግታ የሚሰምጥ መሬት ይህን አያመጣም።

ለምትነዱ አንድ ምክር። ወደቡ አጠገብ መኪና ከማቆማችሁ በፊት የዕለቱን የሙላት ሰዓት እዩ፤ ኖኣ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በነፃ ያወጣዋል። የደቡብ ነፋስ ካለ ከተተነበየው በላይ ጠብቁ። ጨው ፍሬንና ሽቦ ይበላልና በውሃው ውስጥ አትንዱ። ቪዲዮውንም አታስተላልፉት።